የማክሰኞ ልብ

የልብ ምት የሚቆጥረው አምባር እንደመዘገበው ከሆነ፣ ኅዳር ዘጠኝ ቀን ማክሰኞ፣ ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ ዳቦ ጋጋሪው እንድሪስ ይመር የጦሳ ተራራን ደረጃ እየወጣ ነበር። ሦስት መቶ ሰማንያ ስምንተኛውን ደረጃ ሲረግጥ ልቡ ተደናቀፈ። ለሦስት ሰከንድ ምንም አልመታም። ከዚያ አሥራ አንድ ጊዜ ተቻኩሎ መታና ወደ ቦታው ተመለሰ። እንድሪስ አርባ ሰከንድ ቆሞ የቀረውን ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለት ደረጃ ጨረሰ።

ሚስቱ መዲና እንደምትለው ከሆነ፣ በዚያው ሰዓት እንድሪስ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለው ቤታቸው ወንበር ላይ ተኝቶ ነበር። አንድ ጫማውን አውልቆ ሌላውን ሳያወልቅ እንቅልፍ ጥሎታል። በጣቶቹ መካከል ሊጥ ደርቋል። እሷ አጠገቡ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጥ ነበር፤ አልነቃም፣ አልተንቀሳቀሰም።

የመጀመሪያው ቃል በልብ ጥበቃ መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ሁለተኛው የትም አልሰፈረም፤ ሊሰፍርም አይችልም። እንድሪስ ግን ሁለተኛውን ያምናል። ሲነቃ አንድ ጫማ አድርጎ ነበር።

ማስታወቂያው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መጣ። አምባሩ ሁለት ጊዜ ነዘረው፤ ቀለሙ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ተለወጠ፤ ከዚያ ከውስጡ አንዲት ሴት ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "አቶ እንድሪስ፣ አይደንግጡ" አለችው። በአሥር ቀን ውስጥ ሐኪም ቤት ይገባል። ደረቱ ውስጥ ምት ጠባቂ ይተከልለታል። ከዚያ ሦስት ወር በማገገሚያ ይቆያል። እስከዚያ ድረስ እሳት ፊት መቆም፣ ከአሥር ኪሎ በላይ ማንሳትና መበሳጨት ተከልክሏል። ትእዛዙን መቀበሉን እሑድ በቅሬው ፊት ቆሞ ይናገራል።

ድሮ የቅሬ ሥራ ቀብር ብቻ ነበር። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ሬሳ ይሸከማል፤ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም እኩል ይቀብራል። ይህን ዛሬም ይሠራል። የልብ አዋጁ ከወጣ ወዲህ ግን፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው፣ ሰው እንዳይሞት መጠበቅም ተጨምሮበታል። በደሴ እያንዳንዱ ቅሬ የራሱ የደረጃ ቀን አለው። የቧንቧ ውሃ ቀን ማክሰኞ ነው። በዚያ ጠዋት አምባር ያሰረ ሁሉ ሥራ ከመግባቱ በፊት ስድስት መቶ አርባውን ደረጃ ይወጣል። አምባሩ የልብ መደናቀፍን የሚፈትሸውም በዚያ አቀበት ላይ ብቻ ነው፤ በሌላ ጊዜ ምትና እርምጃ ይቆጥራል። ነፃ የሆኑት ስልሳ ዓመት ያለፋቸውና ቤታቸው ውስጥ የአልጋ ቁራኛ የሚያስታምሙ ብቻ ናቸው።

እንድሪስ ነፃ አይደለም። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ሊጥ ያሻል፣ ይቆርጣል፣ ትሪውን ምድጃ ውስጥ እየከተተ ያወጣል፤ ሲነጋ ሸሚዙ ቢጨመቅ ውሃ ይወጣዋል። እግሩ ግን ሌሊቱን ሙሉ ከአንድ ቦታ አይነቃነቅም። አምባሩ የሚቆጥረው እግርን ስለሆነ መዝገቡ "ተቀማጭ" ይለዋል። ሁለት ጊዜ አመልክቶ ነበር። ሁለት ጊዜም አንድ ዓይነት መልስ መጣለት፦ የእጅ ድካም የልብ ሥራ ሆኖ አይያዝም።

ሰፈሩ ለዚህ መላ ነበረው። ወንፈል ይሉታል። ባላገር በአጨዳ ጊዜ ተራ በተራ እንደሚረዳዳው፣ ከደረጃው ነፃ የሆነ ሰው የደከመ ጎረቤቱን አምባር አስሮ ይወጣለታል። የራሱን ደግሞ በጎረቤቱ እጅ ላይ አስሮለት ይሄዳል፤ ምት የሌለበት ቦታ የተቀመጠ አምባር ይጮኻልና። እንድሪስ በምላሹ ትኩስ ዳቦ ያመጣል፣ ጣሪያ ይጠግናል። ስለ ወንፈል ጮክ ብሎ የሚያወራ የለም፤ የማያደርገው ቤትም ጥቂት ነው።

ከተደረሰበት ግን ቅሬው በሙሉ ይቀጣል፤ ለአንድ ዓመት በየቀኑ ደረጃ ይወጣል። ስለዚህ ቅሬው የተያዘውን ሰው አይምርም፣ ያስወጣዋል። አምና አንድ ቤተሰብ ከቅሬው ወጥቷል። ከወር በኋላ አባትየው ሲሞቱ ሁለት ልጆቻቸው በእጅ ጋሪ እየገፉ ወደ መቃብር ወሰዷቸው። ሰፈሩ በመስኮት ተመለከተ። በዚያ ጠዋት በየቤቱ ምት ጨምሮ ነበር፤ ወደ መንገድ የወረደ ግን አልነበረም።

ሐሙስ ጠዋት እንድሪስ መንገድ ሲወጣ ሰዎች ቢጫውን እያዩ የግድግዳውን ጥግ ለቀቁለት። ሱቅ በር ላይ የቆመች ሴት፣ "ስንት አደርክ?" አለችው። ሰላምታው በልብ ምት ቁጥር ከሆነ ቆይቷል።

"ሰባ አንድ።"

"ይመስገን" አለችና ከውስጥ የመቀመጫ ዱካ አውጥታ አስቀመጠችለት። በአደባባይ የሚቀመጠው ቢጫ የሆነ ሰው ብቻ ነው። እንድሪስ ላለማሳፈር ትንሽ ተቀመጠ። ሲነሳ ሦስት ሰዎች እኩል እጃቸውን ዘረጉለት።

እውነቱን ለመናገር፣ ትእዛዙ በአንድ በኩል አጓጉቶታል። ሦስት ወር። እንድሪስ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ስምንት ሰዓት ሙሉ ተኝቶ አያውቅም። ጤነኛ ደረቱን የሚከፍቱት መሆኑን እያወቀ፣ ሐሳቡ ግን እየተንሸራተተ ወደ ነጭ አንሶላ ይሄድ ነበር። በዚህ አፈረ። ደግሞም ያ የተደናቀፈ ልብ የአንድ ሰው ነው፤ ያ ሰው ሳያውቀው እየዞረ ነው። ማን እንደሆነ ደግሞ እንድሪስ የሚያውቅ መሰለው።

ጋሽ መኳንንት እዚያው ግቢ ውስጥ ይኖራሉ። ስልሳ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ሠላሳ ዓመት የስፖርት አስተማሪ ነበሩ። ለእንድሪስ አራት ዓመት በየማክሰኞው የወጡለት እሳቸው ናቸው። እንድሪስ ከሰዓት በኋላ ሲገባ በረንዳቸው ላይ እግራቸውን ዘርግተው ሬዲዮ ይሰማሉ።

"ስንት ዋሉ ጋሼ?"

"ስልሳ አንድ። እንደ ወጣት! አንተስ... ኧረ! ምነው እንደ ሎሚ ቢጫ ሆንክ?"

"ስለሱ ነው የመጣሁት።"

"ተቀመጥ፣ ተቀመጥ። ላንተ አሁን ተፈቅዷል። እኔ እዚህ ስቀመጥ ከመንገድ እንዳያዩኝ መጋረጃ እሰቅላለሁ፣ አንተ እንደ ባላባት አደባባይ ላይ ትቀመጣለህ።"

እንድሪስ አልሳቀም። ማስታወቂያውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራቸው። ከዚያ ሲያጠናው ያደረውን ንግግር ጀመረ። "ጋሼ፣ እንዳይደነግጡ። አብሽሩ፤ ዛሬ ለልብ መድኃኒት ሞልቷል። ግን ማክሰኞ አምባሬን አስረው የነበሩት እርስዎ ነዎት። ልቡ የርስዎ ነው ማለት ነው።"

ጋሽ መኳንንት ሬዲዮውን ዘጉ። ፊታቸው ላይ የነበረው ቀልድ ቀስ ብሎ ጠፋ። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰበሰቡ። ጉልበታቸው አብጦ እንደ ድንች ሆኗል።

"ይኸን ይዤ ስድስት መቶ አርባ ደረጃ? ከመስከረም ወዲህ አንድም ማክሰኞ አልወጣሁም።"

"ታዲያ ማን ወጣልኝ?"

"አታውቅም?"

"ማንን?"

"መዲናን ነዋ! መስከረም ላይ እንዳልችል ልነግርህ መጣሁ። ተኝተሃል። 'ተዉት አይቀስቀስ፣ ቢሰማ እኔው እወጣለሁ ብሎ ወድቆ ይቀራል፤ እኔ አስታማሚ ነኝ፣ ነፃ ነኝ' አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የሷን አንተ ላይ እያሰረች፣ ያንተን አስራ ነው የምትወጣው። አሥር ማክሰኞ ሆኗታል።" ሱሪያቸውን መለሱ። "እንዳትነግሩት አለችኝ። ሴት ልጅ ለባሏ ስታስብ አይቼ ደስ አለኝ እኮ፣ እንድሪስ። ወላሂ ብዬ ልማልልህ እንዳልል ክርስቲያን ነኝ።"

እንድሪስ ስለ ሽንኩርቱ ያስብ ነበር። ማክሰኞ ቤቱ ውስጥ የተላጠ ሽንኩርት አልነበረም።

"የራሷን አምባር አስራ አንድ ቀን ትውጣ" አሉ ጋሽ መኳንንት። "አምባሯ ራሱ ይናገር። ማን ያውቃል?"

"ያውቃሉ ጋሼ። የጤነኛን ምት ማንም አያስተያይም፤ የታማሚ ከሆነ ግን ከከተማው ሁሉ ጋር ያስተያዩታል። ያው መደናቀፍ በሁለት ሰው አምባር ላይ ከታየ በአንድ ሰዓት ይደርሱበታል። ደግሞ ወጥታ እዚያው ብትቀርስ?"

"ወደ ሐኪም ብቻዋን..."

"ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያየው አምባሩን ነው። አረንጓዴ ከሆነ ወደ ቤት ይመልሳታል።"

ጋሽ መኳንንት ሬዲዮውን ሊከፍቱ እጃቸውን ሰደዱና ተዉት።

መዲና ጓዳ ውስጥ እናቷን ታገላብጥ ነበር። እማማ ዘምዘም ሰማንያ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ከነሐሴ ወዲህ ከአልጋ አልወረዱም። ሰማንያ ያለፈው ሰው አምባር ስለሚፈታለት እጃቸው ባዶ ነው። በቤቱ ውስጥ ሰላምታን በቁጥር የማይጠይቁ እሳቸው ብቻ ናቸው።

"እንዴት ዋልክ ልጄ?" አሉት።

"ደህና እማማ። አልሐምዱሊላህ።"

እንድሪስ በር ላይ ቆሞ ሚስቱን ተመለከተ። አንሶላውን ስትስብ በመሃል ቆም ትላለች። የአልጋውን ጠርዝ ትይዛለች። እናቷን ታወራቸዋለች፤ ወሬው የትንፋሽ ማግኛ መሆኑን እስከዛሬ አላስተዋለም ነበር። ውሃ ስትቀዳ ጀሪካኑን ግማሽ ብቻ መሙላት ከጀመረች ስንት ጊዜዋ ነው? ማታ ማታ ትራሱን ሁለት አድርጋ፣ ተቀምጣ ማለት ይቻላል፣ የምትተኛው ከመቼ ጀምሮ ነው? ይህን ሁሉ አይቶ ነበር። ሁልጊዜም ለራሱ የሚሰጠው መልስ አንድ ነበር፤ ደክሟት ነው። ማን የማይደክመው አለ?

ወደ ውጭኛው ክፍል ስትወጣ፣ "ማክሰኞ የት ነበርሽ?" አላት።

"ነገርኩህ። ሽንኩርት..."

"መዲና።"

መዲና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ እሱ ማክሰኞ በተኛበት። "ጋሽ መኳንንት ነገሩህ። እኒህ ሰውዬ አንድ ነገር ሆዳቸው አይችልም።"

"ደረጃው ላይ ምን ሆንሽ?"

"ዓይኔን ጨለም አለኝ። ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። ለቀቀኝ። በቃ።"

"ስንት ጊዜ?"

"ኧረ በአላህ፣ እንደ ፖሊስ አትጠይቀኝ።"

"ስንት ጊዜ?"

"ከጥቅምት ወዲህ... በየሳምንቱ። እንደ ማክሰኞው ግን ከብዶኝ አያውቅም።" ድምፅዋን ቀነሰች፤ የጓዳው በር ክፍት ነው። "ስማኝ እንድሪስ። እናቴ ዛሬ ነገ ናት። ታያታለህ። እሑድ ተቀብያለሁ በል። ግባ፣ ተኛ፣ ሦስት ወር ነው። አንተም ታርፋለህ። እኔ ደረጃ አልወጣም። እናቴን ቅሬው ይቅበርልኝ፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ድንኳን ተተክሎ። አርባ ዓመት የሰው ለቅሶ የደረሰች ሴት ናት። እሷን በጋሪ ልግፋት? ከዚያ በኋላ የፈለግከውን ተናገር።"

"ለኔ ደረቴ ውስጥ ብረት ሊከቱ ነው። ላንቺ ግን..."

"ለኔ ይቆያል።"

"ካልቆየስ?"

ውጭ ሰው ያልፋል፤ "ስንት ዋላችሁ?" የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ ሁለት ቁጥሮች።

በየማታው በአሥራ ሁለት ሰዓት አምባሩ ለሁሉም ሰው አንድ ጥያቄ ያቀርባል። ዛሬ ምን ያህል ደክሞዎታል? ከአንድ እስከ አሥር። ለሦስት ቀን በተከታታይ ከአምስት በላይ የመለሰ ሰው ይመረመራል። በአዋጁ መጀመሪያ ዓመታት መሥሪያ ቤቱ የደሴን መልስ አይቶ ተገርሞ ባለሙያ ልኮ ነበር ይባላል። ከተማው በሙሉ "ሁለት" ይላል። "አንድ" ማለት ጉራ ነው፤ "ሦስት" ማለት ፈጣሪን ማማረር ይመስላል። ባለሙያው የተራራው አየር ነው ብሎ ጽፎ ሄደ።

"ሊጠይቀን አሥር ደቂቃ ቀርቶታል" አለ እንድሪስ። ከፊቷ ቁጢጥ አለ። "ለሱ የፈለግሽውን ትያለሽ። ለኔ እውነቱን ንገሪኝ። ስንት ነሽ?"

መዲና እጇን ተመለከተች። አምባሯ አረንጓዴ ነው።

"ዘጠኝ" አለች።

ከጓዳ እማማ ዘምዘም፣ "ማን ነው እዚያ የሚንሾካሾከው? ሰው ሞተ እንዴ?" ሲሉ ተሰማ።

"ማንም አልሞተም እናቴ" አለች መዲና።

በአሥራ ሁለት ሰዓት ሁለቱም አምባሮች እኩል ነዘሩ። ሴቲቱ ጠየቀች። "ሁለት" አለ እንድሪስ። "ሁለት" አለች መዲና። ሴቲቱ ሁለቱንም አመሰገነች።

አርብና ቅዳሜ እንድሪስ ሥራ የለውም፤ ቤት ዋለ። በመጀመሪያው ቀን ሚስቱን ተከታትሎ ቆጠረ፤ ከቧንቧው እስከ በሩ ድረስ ሦስት ጊዜ ቆመች። በሁለተኛው ቀን ጀሪካኑን ነጠቃት። "አሥር ኪሎ ተከልክለሃል" አለችው እየሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተቋርጦ ሳል ሆነ። እማማን ብቻውን ለማገላበጥ ሞከረ፤ አሮጊቷ አፍረው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቅዳሜ ከሰዓት መዲና ልብስ ስትዘፈዝፍ ሳፋው ከእጇ ወደቀ። ሮጦ ሲደርስ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ውሃው እያረጠባት፣ "አዳልጦኝ ነው" አለችው። መሬቱ አያዳልጥም። ከንፈሯ አመድ መስሏል። አምባሯን ተመለከተ፤ አረንጓዴ ሆኖ "እየተንቀሳቀሱ ነው፣ ይቀጥሉ" ይላል።

ጋሽ መኳንንት ማታ ላይ እያነከሱ መጡ። ወደ ቤት አልገቡም። በር ላይ ቆመው፣ "እኔን ከጠየቁኝ የምለውን አላውቅም" አሉ። "እንዲህ ስል ያሳፍረኛል። ግን እኔም የሚቀብረኝ እፈልጋለሁ።"

"ገብቶኛል ጋሼ።"

"ገብቶሃል፤ ግን አትፍረድብኝ።"

"አልፈርድም።" የምሩን ነው። እሱም ቢሆን ሁለት ቀን ሙሉ ያሰበው ስለ አንድ ጉድጓድ ነው፤ ስንት ሜትር እንደሚሆን፣ አንድ ሰው ብቻውን ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት፣ በኅዳር መሬቱ ምን ያህል እንደሚጠነክር።

እሑድ ጠዋት የቅሬው አዳራሽ ሞላ። አዳራሹ ውስጥ ሁሉም ይቆማል። ፊት ለፊት ለቢጫው ሰው አንድ የብረት ወንበር ተቀምጧል። ከወንበሩ በላይ የተሰቀለው ሰሌዳ የተሰበሰበውን ሰው ሁሉ አማካይ ምት ያሳያል። ሰባ ሁለት ይላል። መዲና እናቷን ከአንዲት ጎረቤት ጋር ትታ መጥታለች። የቆመችው ከበሩ አጠገብ ነው፤ ጀርባዋ ግድግዳውን ተደግፏል።

የቅሬው ዳኛ ወይዘሮ ስንዱ መልካም ሴት ናቸው። ትእዛዙን ሲያነቡ መነጽራቸውን እያወለቁ እንድሪስን በዓይናቸው ያጽናኑታል። እንደጨረሱ፣ "ወንድማችን እንድሪስ፣ አብሽር" አሉ። "ከዚህ ቅሬ ምት ጠባቂ ሊያስተክል የሚገባ አሥራ አራተኛው ሰው ነህ። ሁሉም በሰላም ተመልሰዋል። ቤትህን እኛ እናያለን። እማማ ዘምዘምም የሁላችን እናት ናቸው፤ የመጣው ቢመጣ ቅሬህ አለልህ። ትእዛዙን በቅሬህ ፊት ትቀበላለህ?"

እንድሪስ ከወንበሩ ተነሳ። የተለመደው መልስ አንዲት ቃል ናት፤ ሰዎች አመስግነው ለመበተን ተዘጋጅተዋል። ወደ በሩ ተመለከተ። መዲና ራሷን በትንሹ ነቀነቀች። አትናገር ማለቷ ነው። ያንን ለማድረግ እንኳ እጇን ግድግዳው ላይ ማስደገፍ ነበረባት።

"አልቀበልም" አለ።

ሰሌዳው ሰባ ዘጠኝ አለ።

ወይዘሮ ስንዱ ፈገግ አሉ። "ፍርሃት ነው። ያለ ነው። ቁጭ በልና..."

"አልፈራሁም። ልቡ የኔ አይደለም።"

ሰማንያ ስምንት። ከኋላ አንድ ሰው፣ "ኧረ ተው አንተ!" አለ። ሌላው፣ "ቁጭ በል እንድሪስ፣ ልጆች አሉን!" ብሎ ጮኸ። የአዳራሹ ግማሽ መሬት መሬቱን ያያል፤ ማን ማክሰኞ የማንን አምባር እንዳሰረ እያንዳንዱ ያውቃል። ጋሽ መኳንንት ሁለት እጃቸውን አበጥ ያለው ጉልበታቸው ላይ ጭነው ቆመዋል፤ ቀና አላሉም።

እንድሪስ ዞሮ የብረት ወንበሩን አነሳ። ከአሥር ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ አምባሩ ነዘረው፤ አላየውም። ሰዎች እየተገፋፉ መንገድ ለቀቁለት። በአዳራሹ መሃል ተሸክሞት ሄዶ በሩ ጥግ መዲና እግር ሥር አስቀመጠው። መዲና ተመለከተችው። ከንፈሯ ነጭ ነው። ከዚያ ተቀመጠች።

ሰሌዳው መቶ ሁለት ላይ ደርሷል። በአዳራሹ ውስጥ አምባሮች አንድ በአንድ መጮኽ ጀመሩ። እንድሪስ ድምፁ ከጩኸቱ በላይ እንዲሰማ ቀና አለ።

"ማክሰኞ ደረጃው ላይ የነበረችው መዲና ናት" አለ። "አምባሩ የኔ ነው፣ ልቡ የሷ። ከቅሬው አውጡን። እማማ ሲሞቱ ጉድጓዱን ብቻዬን እቆፍራለሁ። ሚስቴን ግን አሁን ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ።"